ስምንት ሰከንድና አንድ ፊት

በባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጥ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ሲጨመቅ አንድ ነው፤ ስምን ከፊት ጋር ማመሳከር፡፡ መታወቂያ ይቀርብልኛል፤ ፎቶግራፉን አያለሁ፤ ቀና ብዬ ባለቤቱን አያለሁ፤ ስሙን አነባለሁ፡፡ ሁለቱ ከተስማሙ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ካልተስማሙ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር አይከፈልም፡፡ ይህን ሥራ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ አካባቢ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ኮርማ ግልቢያ ነው፡፡ ከመስኮቴ መጀመሬ የነገሩ መጨረሻ ወደዚያችው መስኮት ስለሚመልሰኝ ነው፡፡

የጉዟችን ምክንያት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው፡፡ በትምህርት ቤቱ ልጆች ያሻቸውን ለብሰው በሚመጡበት ቀን ሰፊ ክፈፍ ያለው የካውቦይ ባርኔጣ አድርጎ ሄደ፡፡ ሲመለስ ባርኔጣው በእጁ ነበር፡፡ አንድ የክፍል ጓደኛው «ካውቦይ ጥቁር አይሆንም» ብሎታል፡፡ ልጁ አልተጣላም፤ አላለቀሰም፤ ባርኔጣውን አልጋው ሥር አስገብቶ እራቱን በላ፡፡ እኔም አባት ነኝና አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትሁ፡፡ ነገር ግን የማውቀው ካውቦይ ሁሉ በልጅነቴ በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች ያየሁት ነጭ ፈረሰኛ ነበርና አፌን መልሼ ዘጋሁት፡፡ ለሦስት ሳምንታት ከሥራ መልስ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰነበትሁ፡፡ ከዚያም በአንድ ቅዳሜ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ወደ ፎርት ዎርዝ ነዳሁ፡፡ ባርኔጣውን ከአልጋው ሥር ጎትታ ያወጣችው የስድስት ዓመቷ እኅቱ ናት፤ በራሷ ላይ ደፍታው መኪና ውስጥ ገባች፡፡

ፎርት ዎርዝ «የላም ከተማ» የሚል ቅጽል ስም አላት፡፡ ስቶክያርድስ የሚባለው ሰፈሯም በእኛ አነጋገር የከብት ተራ ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1902 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስዊፍትና አርሞር የተባሉት ታላላቅ የሥጋ ኩባንያዎች ከገበያው አጠገብ ፋብሪካቸውን መገንባት ጀመሩ፤ በ1908ም ኮሊሲየም የተባለው ባለ ጣሪያ የትርኢት ቤት ተሠራ፡፡ ዛሬ ፋብሪካዎቹ የሉም፡፡ ከ1999 ጀምሮ ግን ቀንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቴክሳስ ከብቶች በዋናው መንገድ ላይ ለጎብኚ ዓይን ይነዳሉ፡፡ እኛም በመንገዱ ጠርዝ ቆመን አየናቸው፡፡ አባቴ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በእርሱ አገር በሬ ይጠመዳል፣ ስም ወጥቶለት ቦራ፣ ዳለቻ እየተባለ ይጠራል፣ ከማኅበርተኛ እኩል ይታዘንለታል እንጂ ማንም በጀርባው ላይ አይወጣም፡፡ ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሿ «ታዲያ እነዚህን ለምን ይጋልቧቸዋል?» አለችኝ፡፡ ለዚህ መልስ ለመስጠት ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ግድ ሆነ፡፡

ከብቱን ወደዚያ ምድር ያመጡት ስፓኛውያን ናቸው፡፡ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ከብት የመጠበቁን ጥበብ ያዳበሩት የሜክሲኮ እረኞች፣ ቫኬሮዎቹ ናቸው፡፡ «ሮዲዮ» የሚለው ቃል ራሱ የስፓኝ ነው፤ ከብትን ከብቦ መሰብሰብ ማለት ነው፡፡ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ጎልማሶቹ በገመድ አጣጣልና በግልቢያ ይፎካከሩ ነበርና፣ ሥራው ውሎ አድሮ ጨዋታ፣ ጨዋታውም ውድድር ሆነ፡፡ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የቴክሳስ ባለ ርስቶች ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ ከብቱን ሲጠብቁ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፡፡ ጁን 19 ቀን 1865 የነጻነት ዐዋጅ በጋልቨስተን ከተማ ተነበበ፡፡ ባለ ርስቶቹ ከጦርነት ሲመለሱ ከብቱ በየሜዳው ተበትኖና ተራብቶ ዱር ለዱር ይኳትን ነበር፤ እርሱን የሚይዝ፣ የሚተኩስ፣ የሚገራ እጅ ደግሞ የእነዚሁ ነጻ የወጡ ሰዎች እጅ ሆነ፤ አሁን ግን በደመወዝ፡፡ ከ1867 ጀምሮ በቴክሳስ ርካሽ የሆነው ከብት በፎርት ዎርዝ በኩል አድርጎ በቺዝም መንገድ ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያ ተነዳ፡፡ በዚያ ዘመን ከነበሩት ካውቦዮች ከአራቱ አንዱ ገደማ ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፡፡ ከአራት አንድ! እኔ ግን በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ አንድ እንኳ አላየሁም ነበር፡፡

ከኮሊሲየሙ አጠገብ አንድ የነሐስ ሐውልት አለ፤ በ1987 የቆመ ነው፡፡ አንድ ሰው የረጅም ቀንድ ሰንጋ አንገት አንቆ ወደ መሬት ሲጠመዝዘው ያሳያል፡፡ ልጄን ይዤ ወደዚያ ሄድሁ፤ ምንም አልተናገርሁም፡፡ ዞሮ ዞሮ አየውና ስሙን ከጽሑፉ ላይ ራሱ አነበበ፤ ቢል ፒኬት፡፡

ፒኬት በ1870 በቴክሳስ ተወለደ፡፡ ወላጆቹ ከባርነት ነጻ የወጡ ነበሩ፡፡ በልጅነቱ የከብት ውሾች ያመለጠ ወይፈንን ከንፈሩን ነክሰው ቀጥ ሲያደርጉት ተመለከተ፤ እርሱም ይህንኑ ሞከረው፡፡ ከፈረስ ላይ ዘሎ፣ ቀንዶቹን ይዞ፣ ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ሰንጋውን ይጥለው ጀመር፡፡ ይህ «ቡልዶጊንግ» የተባለው ጥበብ ንክሻው ቀርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ከሮዲዮ ዋና ዋና ውድድሮች አንዱ ነው፤ አንድ ሰው ፈለሰፈው ተብሎ በስም የሚጠራ የሮዲዮ ውድድር ቢኖር ይኸው ነው፡፡ «101 ራንች» ከተባለው የኦክላሆማ ትርኢት ቡድን ጋር አገር ላገር ዞሯል፤ በ1908 በሜክሲኮ ከተማ ከአንድ የውጊያ ኮርማ ጋር ለደቂቃዎች ታግሏል፡፡ በራሱ አገር ግን ጥቁር በመሆኑ ከብዙ ውድድሮች ይከለከል ነበር፡፡ በ1932 ፈረስ ረግጦት ሞተ፡፡

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ሳነብ ነው የባንክ ሠራተኛው በውስጤ ብድግ ያለው፡፡ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የምዕራቡን ምድር ስመ ጥሮች የሚዘክር ሃያ ቴምብሮች ያሉት ሉህ ሲያዘጋጅ ፒኬትን አንዱ አደረገው፡፡ ሉሁ ታትሞ መሰራጨት ከጀመረ በኋላ በ1994 መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ታወቀ፡፡ በቴምብሩ ላይ ያለው ስም የቢል ፒኬት ነው፤ ፊቱ ግን የእርሱ አይደለም፤ የወንድሙ የቤን ነው! አንድ የቆየ ፎቶግራፍ በተሳሳተ ስም ሲሠራበት ኖሮ ሠዓሊውም ያንኑ አምኖ ሣለው፡፡ ሉሁ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ሌላ ፊት ተሥሎ እንደገና ታተመ፡፡ ከተሳሳተው ሉህ ግን 150,000 ያህሉ ለሰብሳቢዎች በዕጣ ተሸጠ፡፡ ስሙን ለማክበር የተነሣ ታላቅ መሥሪያ ቤት ፊቱን የማያውቀው ሰው፤ መስኮቴ ላይ ቢመጣ የማልከፍለው መታወቂያ፡፡ ልጄ ይህን ሲሰማ ብዙ ሳቀ፤ ከሣቁ በኋላ ግን «ወንድሙን ማንም ሰው አልጠየቀም?» አለኝ፡፡ ሁለቱም ሞተው እንደነበር ነገርሁት፡፡ «እሺ ልጆቻቸውንስ?» አለኝ፡፡

ማታ ወደ ኮሊሲየሙ ገባን፡፡ በ1918 በጣሪያ ሥር የተደረገው የመጀመሪያው ሮዲዮ የተካሄደው በዚሁ ቤት እንደሆነ ይነገራል፡፡ የኮርማ ግልቢያ ሕግ አጭር ነው፡፡ ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ገመዱን ይዞ ስምንት ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ነጻው እጁ ኮርማውንም ሆነ ራሱን ከነካ ከውድድሩ ይወጣል፡፡ ከመቶው ነጥብ ሃምሳው የሰውየው፣ ሃምሳው የኮርማው ነው፡፡ ኮርማዎቹም ስም አላቸው፤ በድምፅ ማጉያ ከጋላቢው ስም እኩል ይጠራል፡፡ ይህን ሕግ አባቴ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብሁ፡፡ ጨዋታው ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በ1989 ሌን ፍሮስት የተባለው ዝነኛ የዓለም ሻምፒዮን በሻይን ከተማ ስምንቱን ሰከንድ ጨርሶ ከወረደ በኋላ በኮርማው ተመትቶ ሞቷል፡፡ ዛሬ ጋላቢዎቹ ደረታቸውን የሚሸፍን ወፍራም ሰደርያ የሚለብሱት ከዚያ ሐዘን በኋላ በመጣ ልማድ ነው፡፡ በመካከሉ ልጆች ወደ ሜዳ ተጠርተው በጥጃ ጅራት ላይ የታሰረ ጥብጣብ ለመንጠቅ ሲሯሯጡ ትንሿ ልጄ ባርኔጣዋን ጥላ፣ አቧራ ቅማ፣ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም፡፡ የወደቀውን ባርኔጣ ሜዳ ገብቶ ያነሣው ወንድሟ ነው፤ አራግፎም ራሱ አደረገው፡፡

በዚያች ምሽት ከጋለቡት አንዱ ጥቁር ወጣት ነበር፡፡ በሩ ሲከፈት ልጄ ክንዴን ጨበጠኝ፡፡ ወጣቱ በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ወደቀ፡፡ ልጄ እንዳያዝን ብዬ በሹክሹክታ ስለ ሌሎቹ አወራሁለት፡፡ የቴክሳሱ ማይርቲስ ዳይትማን በ1964 ለብሔራዊው የሮዲዮ ፍጻሜ ውድድር የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ጋላቢ ነው፤ በ1967 በኮርማ ግልቢያ ከዓለም ሦስተኛ ወጥቷል፡፡ ጥቁር ጋላቢዎች በአንዳንድ ስፍራ ተመልካች ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ እንዲጋልቡ ይደረግ በነበረበት ዘመን ነው ይህን ያደረገው፡፡ እርሱ ያላገኘውን ዘውድ እርሱ ያገዘው የሎስ አንጀለስ ልጅ ቻርሊ ሳምፕሰን በ1982 ደፋው፡፡ ሳምፕሰን በዓመቱ በፕሬዚዳንት ሬገን ፊት ሲጋልብ የፊቱ አጥንት ክፉኛ ተሰበረ፤ ድኖም ወደ ግልቢያው ተመለሰ፡፡ ይህን ሁሉ ስተርክለት ልጄ እየሰማኝ አልነበረም፤ የወደቀውን ወጣት ስም በቃሉ ለመያዝ እየደጋገመ ይጠራው ነበር፡፡

ስንመለስ ትንሿ ተኝታ ነበር፡፡ ልጄ በጨለማው ውስጥ ከኋላ ወንበር «አባዬ» አለኝ፤ «ባንክ ውስጥ ደረትህ ላይ ያለው ስም ለምን ግማሽ ሆነ?» ለደንበኞች አፍ እንዲቀል ተብሎ ስጠየቅ እኔው ራሴ መስማማቴን ነገርሁት፡፡ «ሙሉውን ቢማሩት አይችሉም?» አለኝ፡፡ እናቱ በመስኮት በኩል ውጭውን ታይ ነበር፤ አልረዳችኝም፡፡ መልስ አልሰጠሁትም፡፡

ሰኞ ጠዋት ያችን የስም ሠሌዳ ስሰካ እጄ ዘገየ፡፡ አዲስ ለማሠራት የሚሞላውን ቅጽ ጠየቅሁ፡፡ ስንት ዓመት ሙሉ ረጅም ጣጣ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ገጽ ብቻ ኖሯል፡፡ ሞላሁት፡፡ ማታም እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፡፡

ኮርማው ቢወረውር አፈር ይቀበላል፣
አቧራ አራግፎ ጋላቢው ይነሣል፤
ከመዝገብ ተሠርዞ ስሙ የወደቀ፣
በምን እጅ ይነሣል ልጁ ካልጠየቀ?