ኮምፒውተር የማብራትና የማጥፋት ሥርዓት ከየት መጣ?

በፔታሕ ቲክቫ የኢንዱስትሪ ሰፈር በሰጉላ ሥራ የሚገባ ሰው፣ መጋዘንም ይሁን ጽሕፈት ቤት፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሊያጋጥመው ይችላል። ብዙ ወላጆች «አበላሸዋለሁ» ብለው ለልጆች ይተዉታል። የሥርዓቱን ምክንያት ያወቀ ግን አይፈራም።

በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ለሕዝብ ታየ። አምፖል የሚመስሉ ወደ 18,000 የሚጠጉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሩት። ቱቦዎቹ በብዛት የሚቃጠሉት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለነበረ፣ ባለሙያዎቹ መሣሪያውን ከማጥፋት ይልቅ እንደበራ መተዉን መረጡ። የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቫይዛክም በ1954 እና በ1955 በረሖቮት፣ በቫይዝማን ተቋም የተሠራው በእነዚሁ ቱቦዎች ነው።

በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ አወጣ። የዚያ ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ይቆርጥ ነበር፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል። በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 በምናሌው ሲዘጋ ሥራውን ጨርሶ፣ «አሁን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ጽሑፍ ያሳይ ጀመር። በዚያው ዓመት ኢንቴል ባወጣው አሠራር ደግሞ ቁልፉ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ብቻ የሚያስተላልፍ ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ሥራውን ዘግቶ ራሱን ያጠፋል።

እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የእስራኤል መብራት 230 ቮልት ነው። አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ከጀርባቸው የቮልት መምረጫ አላቸው፤ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ፤ በ115 ላይ ከሆነ ይቃጠላል። ስፒናው ሦስት እግር አለው፤ ሦስተኛው የመሬት መስመር ነውና አትስበሩት። እጃችሁ እርጥብ አይሁን። ከጀርባው ማብሪያ ካለ እሱን አብሩ፤ ቀጥሎ ስክሪኑን፤ ከዚያ የፊቱን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ።

አሁን ታገሡ። የኮምፒውተሩ የሥራ ማስታወሻ መብራት ሲቋረጥ ባዶ ስለሚሆን፣ በተነሣ ቁጥር ራሱን ይመረምራል፤ መመሪያውንም ከዲስኩ እንደገና ያነባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ቁልፉን ተጭኖ ብዙ ሴኮንድ መያዝ በግድ ማጥፋት ነው፤ ደርቆ እምቢ ካላለ በቀር አታድርጉት። ስትጨርሱ ሥራችሁን አስቀምጡና ከምናሌው ዝጉ። ሣጥኑን ግን አትክፈቱ፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም የኃይል ሣጥኑ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ራሳችሁ አብሩት።