ሲባጎና ሰባተኛው ደረጃ

እስቲ ጠጋ በሉ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ የእንጨት ደረጃ ነው፤ 14 መርገጫ ስላለው፣ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ስለሚያወጣ፣ አያቴ ከ50 ዓመት በላይ ስለወጡበትና ስለወረዱበት ደረጃ።

ቤቱ ጉለሌ ነው። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨት ተዋቅሮ በጭቃ የተመረገ፣ ፊት ለፊቱ ባለ በረንዳ። አዲስ አበባ በልጅነቷ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሯት፤ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ሆነው የሠሯቸው ዛሬም እዚህም እዚያም ቆመዋል። የእኛው ቤት ከእነዚያ ከታላላቆቹ ወገን አይደለም፤ የእነሱን መልክ አይቶ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው። ደረጃው ግን እውነተኛ ደረጃ ነው። ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበር። የጠመመው ኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ እማማ የምንላቸው አያቴ ከፎቅ ሲወርዱ የያዙት መደገፊያ ከነቋሚዎቹ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እግዜር ሲያተርፋቸው ወደ ግድግዳው በኩል ዘመም አሉና ትከሻቸው ተደገፈ። ወደ ሌላው ጎን ቢሆን ኖሮ ይህን ትረካ ባልተረክሁት ነበር። እማማ ያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነው።

በማግስቱ ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። አጎቴ «ይፍረስና በቤቶን ይሠራ» አለ። ሁለተኛው ሐሳብ አዲስ መደገፊያ ብቻ አሠርቶ መግጠም ነበር፤ እሱ አሸነፈ። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አነጋገርን። ሰዎቹ መጡ፣ አንዱን ደረጃ ለኩ፣ በ14 አባዙ፣ ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቋሚዎቹን ሁሉ እኩል ቁመት አድርገው ቆርጠው አመጡና ገጠሙ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ደረጃው የተጣመመውን ያህል መደገፊያውም ተጣመመ። ከሥር ሆኖ ላየው ሰው እንደ እባብ ይተጣጠፋል። ቋሚዎቹም መርገጫው ወዳዘነበለበት አዘንብለው፣ አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ውስጥ ቆሙ። እማማ አንድ ጊዜ ይዘውት ወረዱና፣ «ይሄስ ራሱ ሰው ይደግፈው» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሥራው ተነቀለ።

ጋሼን ያመጣልን ጎረቤት ነው። ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ፣ ብዙ የማይናገሩ አናጢ ናቸው። ገና በር ላይ ሆነው ሜትር አላወጡም፤ እኔን ጠሩና «ልጄ፣ ብይ አለህ?» አሉኝ። የእህቴን ልጅ ብይ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ መርገጫ ላይ ቀስ አድርገው ያስቀምጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ያያሉ። ብዩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ባዶው ጎን ይንከባለላል። ታች ያሉት ላይ በዝግታ፣ መሐል ሲደርስ በፍጥነት። ሰባተኛው ላይ ሲያስቀምጡት ሳይቆም ዘሎ ምድር ቤት ወደቀ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ በሊቬላ ሲለካ ሰባተኛው መርገጫ በ95 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ ውስጥ 2.6 ሳንቲ ሜትር ወደ ባዶው ጎን ሰምጦ ተገኘ።

«መደገፊያው ይቆይ» አሉ፤ «መጀመሪያ ለምን እንደጠመመ እንወቅ።» ከደረጃው ሥር የከሰል ማስቀመጫ ነበረን። ከሰሉን አውጥተን ፋኖስ አስገባን። ደረጃውን የተሸከመው የጎን ጣውላ መሐሉ ላይ በአንድ ድጋፍ ቆሟል፤ ድጋፉ ደግሞ የቆመው አፈር ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አሸንዳው ተቀዶ ለስንት ክረምት ሲያንጠባጥብ ኖሮ፣ አፈሩን አርሶ፣ የድጋፉን እግር አበስብሶታል። ጋሼ መሮ ሰደድ ሲያደርጉበት እንደ ቅቤ ገባ። ምስጥም ደርሶበታል። እኛ ላይ ሆነን መደገፊያ ስናዝ፣ ሕመሙ ከታች ነበር።

እኔ ወጣት ነኝና ቸኮልሁ። «ጋሼ፣ የመኪና ክሪክ አስገብተን እናንሣውና ወደ ቦታው እንመልሰው» አልኋቸው። ተቀምጠው አስረዱኝ። እንጨቱ በስንት ዓመት ቀስ እያለ ሰምጧል፤ በላይ ያለው የወለል ተሸካሚ፣ ምርጉ፣ ሚስማሩ ሁሉ አብሮት ተላምዷል። በአንድ ቀን 2.6 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ መጋጠሚያዎቹ ይከፈታሉ፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሌላ በሽታ ይመጣል። «መስመጡን እናቁመው እንጂ የሰመጠውን አናስገድደው» አሉኝ። ስለ አጎቴ ቤቶንም ጠየቅኋቸው። አንድ ሜትር ኩብ ቤቶን ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን የመሰለ ሸክም ለእንጨት ደረጃ በተሠራ ቤት ላይ ማሳረፍ ከመሠረቱ ጀምሮ ማሰብ ይጠይቃል። አጎቴ ዝም አለ።

አሸንዳው ያን ቀን ተጠገነ። የበሰበሰው የድጋፉ እግር ተቆርጦ፣ ከሥሩ ድንጋይና ሲሚንቶ ተቀመጠ፤ በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል ርጥበት እንዳይወጣ ወፍራም ላስቲክ ገባ። ከዚያ ሽብልቅ። ሽብልቁ ድጋፉን እስኪያጠብቀው ብቻ ተመታ፤ ከዚያ በላይ አንድም ምት የለም። ደረጃው መንጫጫቱን አቆመ። ጋሼም ዕቃቸውን ሰብስበው «መስቀል ካለፈ በኋላ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

ክረምቱ እስኪያልፍ ለምን ጠበቁ? እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በቁመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም፤ በጎኑ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሰበሰበው ደግሞ ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚሰበሰበው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላ እንደ ገበቴ የሚጎብጠው ለዚህ ነው። በክረምት የተለካ መደገፊያ በጥር ይላቀቃል። ባሕር ዛፍ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ጭረቱ ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ ስለሚያድግ ሲደርቅ ይዞራል። ከተማችንን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ያወጣ ዛፍ ነውና አላማውም፤ ለእጅ መያዣ ግን አይሆንም።

ለእጅ መያዣ ጋሼ የፈለጉት ዋንዛ ነው። ዋንዛ ከደረቀ በኋላ ባለበት ይረጋል፣ ለመላጊያም ይታዘዛል። ግን ዋንዛ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ ያገኘነው አሮጌ እንጨት ከሚሸጥበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነበርና፣ ከፍራሹ የወጣ ሁለት ወፍራም የዋንዛ ወራጅ ተሸጠልን። የየትኛው ቤት ጣራ ተሸክሞ እንደኖረ ጠይቄ አላወቅሁም። ጋሼ አንዱን ጫፍ በመላጊያ ሲገፉት ከጥቀርሻው ሥር ቡናማ ገላው ብቅ ሲል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጥቅምት ገባ። ጋሼ ተመለሱና በመጀመሪያ በጣም ያዘነበሉትን 3 መርገጫዎች አላቅቀው ከሥራቸው ረጅም ስስ ሽብልቅ አስገቡ፤ ማዘንበላቸው ትንሽ ቀነሰ። ሰውን የሚጥለው፣ አሉኝ፣ የደረጃ ከፍታ ሳይሆን የከፍታ ልዩነት ነው። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ይለካና የቀረውን በዚያ ልክ ይጠብቃል። የእኛው ደረጃ 18 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው ቦታ ቦታ ላይ 17፣ አንዱ ላይ 19.5 ነበር።

ቀጥሎ ሲባጎው መጣ፤ የዚህ ሁሉ ወግ ልቡ እሱ ነው። ከታችኛው ደረጃ ከንፈር እስከ ላይኛው ደረጃ ከንፈር አንድ ሲባጎ ወጠርን። አንዱን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነኝ። ደረጃው ቀና ቢሆን ኖሮ ሲባጎው ሁሉንም ከንፈር ይነካ ነበር። የእኛው ግን ከአራተኛው ጀምሮ ይርቃል፣ ሰባተኛው ላይ 2.4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይታያል፣ ከዚያ እየጠበበ ይሄዳል። ጋሼ እያንዳንዱን ክፍተት በእርሳስ አንድ ዘንግ ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «የእጅ መያዣው የሚከተለው ደረጃውን አይደለም፤ ሲባጎውን ነው።»

እስቲ አስቡት። መያዣው ከሲባጎው 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ጫፍ ላይ ከደረጃው ከንፈር 90 ነው፤ ሰባተኛው ላይ 92.4 ይሆናል። ይህን ልዩነት ከአራት ሜትር በላይ በሆነ ርዝመት ውስጥ እጅ አያውቀውም። እጅ የሚያውቀው እጥፋትን ነው፤ ድንገት መውረድን፣ ድንገት መውጣትን። የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ስሕተቱን ሰባተኛው ላይ እንዳለ ወደ እጅ አወጡት። ጋሼ ግን ስሕተቱን በቋሚዎቹ እግር ውስጥ ቀበሩት።

እንዴት ቀበሩት? ታችና ላይ ያሉት ሁለት ምሰሶዎች በቱምቢ ቀጥ ተደርገው ቆሙ፤ የዘመመ መርገጫ ምን ቢል ምሰሶ የሚታዘዘው ለቱምቢ ብቻ ነው። መያዣው 4 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሁለቱ ወራጆች በረጅም ሰያፍ ተጋጥመው፣ በኮላ ተጣብቀው፣ በሞርሳ ታስረው አደሩ። ቋሚዎቹ 28 ናቸው፤ በየደረጃው ሁለት ሁለት። የመርገጫው ጥልቀት 26 ሳንቲ ሜትር፣ የቋሚው ውፍረት 4 ስለሆነ በመካከላቸው 9 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ የሕፃን ጭንቅላት አያሳልፍም። ይህን ልክ ከ10 በላይ እንዳታደርጉት።

ቋሚዎቹ እንደ ቀድሞዎቹ በቶርኖ የተቀረጹ፣ መሐላቸው ላይ ሆድ ያላቸው ናቸው። ማሳጠሩ ከላይ ነው ከታች? እኔ ልዩነት ያለው አልመሰለኝም ነበር። ከላይ ቢቆረጡ ሆዶቹ የተጣመመውን ደረጃ ተከትለው ከፍ ዝቅ ይሉና ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ከታች፣ ቅርጽ ከሌለው አራት ማዕዘን እግራቸው ሲቆረጡ ግን ሆዶቹ ከመያዣው ጋር ተሰልፈው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ የሚለያየው የእግሩ ርዝመት ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ ማንም አያይም። ጋሼ 28ቱንም እያንዳንዳቸውን በቦታቸው አቁመው በቱምቢ አቀኑ፤ መርገጫው የሚያዘነብልበትን ልክ እግራቸው ላይ በእርሳስ አሠመሩ፤ ያችን መሥመር ቆረጡ። ቁጥር ጻፉባቸው። አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ብቻ ሠሩ፤ አጎቴ «አሁንም አልጨረሱም?» እያለ ይመላለሳል።

ኅዳር ላይ ተገጠመ። ካርታ ቬትሮ ተመታ፣ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ አድሮ ደረቀ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ከታች ልቤ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በእጃቸው እየዳሰሱ ወረዱ። ታች ደርሰው ዓይናቸውን ገለጡና ጋሼን እንዲህ አሏቸው፦ «ልጄ፣ ሰባተኛውን እግሬ አወቀው፤ እጄ ግን አላገኘውም።» ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

ቤታችሁ የጠመመ ደረጃ ካለ፣ መደገፊያ ከማዘዛችሁ በፊት ከሥሩ ግቡና የት እንደሚረጥብ ፈልጉ። ከዚያ ሲባጎ ወጥሩ።