ጀፎረና የባጃጅ ልጆች

በእኛ አገር «ልጁ ከሳ» ማለት ክስ ነው። ተከሳሿ ደግሞ እናት ናት። «ወፈረ፣ አማረበት» ሲባል ግን ምርቃት ነው፤ እናት አንገቷን ቀና ታደርግበታለች። ይህ አነጋገር ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሰዋስው መጽሐፍ አያገኘውም፤ ከታሪክ ነው። ለዚህም ከቡታጅራና ከወልቂጤ የተሻለ አስረጂ ያለ አይመስለኝም።

ከቡታጅራ እንጀምር። የ1977ቱ ረሃብ ቁስል ገና ሳይሽር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ባለሙያዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ጥናት መሠረቱ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከአገር ወጣ እያሉ መዘገቡ። መዝገቡ ለብዙ ዓመታት ቀጥሎ በአገራችን ስመ ጥር ከሆኑት የጤና ጥናቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ አምስት ዓመት ሳይሞላው የሚሞት ሕፃን ምን ገደለው? ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የምግብ እጥረት። ሕፃን ከመጠን በላይ ይወፍራል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ቢገኝ ኖሮ «ይህስ ጠግቧል!» ነበር የሚባለው።

ፍርሃቱ ግን ከ1977ም ይቀድማል። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዊልያም ሻክ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሰየመበትን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተመ። በኋላም ቆጮው በጉድጓድ ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ እንኳ የረሃብ ስጋት ከሰው ልብ እንደማይወጣ ጽፏል። እንሰት ራሱ የስጋት ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲደርስ ግን ለክፉ ቀን ቆሞ ይጠብቃል። ጎተራ ውስጥ ያለ እህል በነቀዝ ያልቃል፤ ጓሮ የቆመ እንሰት ግን ያድጋል እንጂ አያልቅም።

ታዲያ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ለብቻው ልጅ አያሳድግም። አብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት። ይህን የጉራጌ እናቶች ከላቦራቶሪ በፊት ያወቁት ይመስለኛል። ከቆጮው ጎን ጎመን አለ፣ አይብ አለ። ክትፎውስ? ክትፎ የመስቀል ነበር። ዓመት ጠብቆ፣ ከየከተማው የተበተነው ልጅ ተሰብስቦ የሚበላ ነው። በዚያ በዓል እንኳ ከእርዱ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ የሚበላበት የራሱ ቀን አለው። ሥጋው ተራውን ይጠብቃል ማለት ነው። የምግብ ሥርዓት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ የረቀቀ «ሜኑ» አላየሁም።

የተበላው ደግሞ በሥራ ይወጣል። እንሰት የምትፍቅ ሴት ለስፖርት ቤት አትከፍልም። ልጁም ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ቀሪውን ጊዜ ጀፎረ ላይ ያሳልፋል። ጀፎረን ላላየ፦ በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይቆማሉ፣ እንሰቱ ከቤቶቹ ኋላ ነው። ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ ሸንጎው፣ የፈረስ ግልቢያው፣ የልጅ ሩጫው ሁሉ እዚያው። አጥሩን ገፍቶ ጀፎረ ውስጥ የሚገባ ሰው በባህሉ ሕግ፣ በቂጫ፣ ይጠየቃል። ልጅ የሚሮጥበት መሬት በሕግ የተጠበቀበት አገር ነበረን፣ ጎበዝ!

ከተሞቹ ሲያድጉ ምን ሆነ? በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው እያዋጡ መንገድ አሠሩ፤ አባቶቻቸው በእግራቸው ቀናት የተጓዙበት የአዲስ አበባ ጉዞ የሰዓታት ሆነ። ተመስገን ነው። በዚያው መንገድ ግን የለስላሳው ሣጥንና የብስኩቱ ካርቶንም ገባ። ክትፎ የዓመት ቀጠሮውን ትቶ የሳምንት፣ ለአንዳንዱም የምሳ ሆነ። የልጅ መክሰስ የተጠበሰ ድንች በፌስታል፤ ጉዞው በባጃጅ፤ ማታ ስልክ። ጾም እንኳ አላዳነንም፤ ሥጋው ይቀርና በዘይት የተነከረው ይተካዋል።

ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ታዲያ ለ2 በመቶ ምን ያስጮኻል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መቀንጨር ዛሬም ዋናው ጠላታችን ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ገጠሩንና ከተማውን አንድ ላይ ያማከለ ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆችንም አይቆጥርም። የዓለምን አካሄድ ያየን እንደሆነ፣ ዩኒሴፍ በ2025 እንዳስታወቀው ለትምህርት በደረሱ ልጆች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 9.4 በመቶ፣ ክብደታቸው ያነሰባቸው 9.2 በመቶ ሆነዋል። ውፍረት ክሳትን የበለጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ቡታጅራ ላይ የከሳውን ሕፃን ሲፈልግ የኖረው ሚዛን አሁን ወዲያኛውን ጫፍም ሊያይ ነው።

መፍትሔው ግን ልጁን ማስራብ አይደለም፣ «ዱባ» እያሉ መሳደብም አይደለም። የሚያድግ ልጅ ይብላ፤ መለወጥ ያለበት የቤቱ ገበታ ነው። አባት ለስላሳውን ከፍቶ እየጠጣ ልጁን «ውኃ ጠጣ» ቢለው ማን ይሰማዋል? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ አብዙ፣ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ቀንሱ ይላል። ይህ ለወልቂጤ ሴት አያት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው ለልጅ ልጇ ነው። ጎመኑ ከክትፎው ጎን ለጌጥ ሳይሆን ለሆድ ይቅረብ። ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ፣ ሲያጠና ብስኩት መስጠትም ይቅር፤ ምግብ ደመወዝ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ባጃጁን ትቶ አብሮ በእግር መሄድ ግማሹን ይሸፍናል። የቀረውን የት እንዲጫወቱት ነው? በኪራይ ቪላ ውስጥ የተከፈተ ትምህርት ቤት ሜዳ የለውም፤ መንገዱ የመኪና ነው። ይህ የወላጅ ጥፋት አይደለም። በ2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ከተማ ሆነው ቀጥለዋል፤ ሁለቱም የየራሳቸው መሐንዲስና ማስተር ፕላን አላቸው። ከከተማ ወጣ ብለው ወደ ገጠሩ ቢዘልቁ ደግሞ ጀፎረው ዛሬም አለ፤ አጥሩ ወዴት ይቁም የሚለውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉ።