ጥርስ የሚያበልዘው አቶም

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቂና ዝዋይ ስትወርዱ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ትገባላችሁ። በሸለቆው ያደጉ ብዙ ወጣቶች ጥርሳቸው የበለዘ ነው። በመዘምራን መካከል ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከልል ልጅ አይታችሁ ይሆናል። “ጥርሱን አይፍቅም” ብላችሁት ከሆነ ያለ ጥፋቱ ፈርዳችሁበታል። ጥፋቱ የውሃው ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው የአንድ አቶም ነው። ስሙ ፍሎሪን ይባላል።

ይህን አቶም ለማወቅ የሰው ሕይወት ተከፍሏል። ፍሎሪን በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ከሌላ ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሊያላቅቁት የሞከሩ ኬሚስቶች ተመረዙ። አየርላንዳውያኑ ወንድማማቾች ጆርጅና ቶማስ ኖክስ ክፉኛ ተጎዱ፤ ቤልጅጋዊው ፖሊን ሉዬ ሞተ። በመጨረሻ ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤሌክትሪክ ኃይል ለየው። በ1906 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ገና በ54 ዓመቱ አረፈ።

የሚገርመው፣ ሟሳን ሲለየው ፍሎሪን ለምን እንዲያ እንደሚጣበቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኤሌክትሮን ራሱ ገና አልታወቀም፤ ቶምሰን ያገኘው በ1897 ነው። በ1911 ረዘርፎርድ አቶም በመካከሉ ትንሽና ከባድ ኒውክለስ እንዳለው አሳየ። በ1916 ደግሞ አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ አቶሞች የሚተሳሰሩት በውጪያቸው ባሉት ኤሌክትሮኖች መሆኑን፣ ብዙዎቹም ስምንት ለመሙላት እንደሚሹ ጻፈ። ለፈተና ብላችሁ የሸመደዳችሁት የነጥብ ሥዕል የእሱ ነው፤ መሸምደዱ ያሳዝናል፣ ነገሩ የራሳችን ጥርስ ላይ ተጽፎ ሳለ።

እስቲ እንቁጠር። ፍሎሪን 9 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ 2 በውስጥ፣ 7 በውጪ። አንድ ጎደለው። ያንን አንድ ከሌላ አቶም ይነጥቃል፤ ከነጠቀ በኋላ ፍሎራይድ ይባላል። ካልሲየም በውጪ 2 ስላለው ለሁለት ፍሎሪኖች አንድ አንድ ይሰጣል፤ የሚፈጠረው ማዕድን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ሶዲየም የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ የእነሱ ጨው ግን በውሃ ይሟሟል። የስምጥ ሸለቆው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይወጣል፤ ውሃው ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱን ይዞ የሚዘቅጥ አይገኝም። የወልቂጤ ልጆች ከሸለቆው ውጪ ስለሆናችሁ ነገሩ ሩቅ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ነገ ወደዚያ ተመድባችሁ የምታስተምሩ ትኖራላችሁ።

ፍሎራይድ ጥቂት ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ በጥርስ ሳሙና የሚጨመረውም ለዚህ ነው። በልጅነት፣ ጥርስ ገና ከድድ ሥር ሲሠራ ከበዛ ግን ያበልዘዋል፤ ከዚያ ሲብስ አጥንትንም ይጎዳል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ፍሬደሪክ ማኬይ በኮሎራዶ የበለዘ ጥርስ ማጥናት የጀመረው በ1901 ነው፤ ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931፣ ከ30 ዓመት በኋላ! የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

እናቶቻችሁ ውሃ ያፈላሉ፤ ለጀርም ደግ ነው። ፍሎራይድ ግን በመፍላት አይጠፋም። ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። የሚሻለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ማጣሪያ ነው። ከማጣሪያዎቹ አንዱ እንደ ከሰል የተቃጠለ የከብት አጥንት ሲሆን በአገራችን ስምጥ ሸለቆም ተሠርቶበታል። አጥንቱ እንደ ጥርሳችን ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ስለሆነ፣ ፍሎራይዱ የልጁ ጥርስ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ይያዛል።