የተሸነፈው ቦይ፣ ያሸነፈው ባቡርና ብስክሌቱ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ቶሎ የሚያነሡት ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» የሚል ነው። መምህሩም ጊዜ ስለሚያጥረው አሸናፊውን ነግሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ታሪክ አሸናፊው ከታወቀ በኋላም አያልቅም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በሰሜን አሜሪካ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆፈረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ ጆርጅታውን ከሚባለው ሠፈር ተነሥቶ ከምበርላንድ እስከምትባለው የተራራ ከተማ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ መኪና የማይገባበት መንገድ አለ። መንገዱ በአብዛኛው አፈርና ደቃቅ ጠጠር ነው። በአንድ ወገኑ ወንዙ ይፈስሳል፤ በሌላ ወገኑ አሮጌው ቦይ ይታያል። ቦዩ በአንዳንድ ሥፍራ ውሃ እንደያዘ ነው፤ ኤሊዎችም በወደቁ ግንዶች ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በሌላ ሥፍራ ደግሞ ደርቆ ዛፍ በቅሎበታል። ብስክሌተኞች ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን ጭነው፣ በየመንገዱ በተዘጋጁት ማደሪያዎች እያረፉ፣ የሞተር ድምፅ ሳይከተላቸው በደን ውስጥ ለቀናት ይጓዛሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ተማሪ ስለ መንገዱ በደብዳቤ ወይም በስልክ ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።

ታዲያ ይህ መንገድ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ አይደለም። የበቅሎ መንገድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1825 የኢሪ ቦይ ተከፍቶ የምዕራቡን ንግድ ወደ ኒው ዮርክ መሳብ ሲጀምር፣ የዋሽንግተንና የባልቲሞር ነጋዴዎች ገበያችን ሊሄድብን ነው ብለው ሠጉ። የዋሽንግተኖቹ ከፖቶማክ ዳር ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ ፒትስበርግ ላይ ከኦሃዮ ወንዝ የሚገናኝ ቦይ ለመቆፈር ወሰኑ። ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር በአካፋ አነሡ። በዚያኑ ዕለት ባልቲሞር ውስጥ የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ያሰቡት ወደ አንድ ወንዝ ለመድረስ ነበር። ስለዚህ እሽቅድምድሙ ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ውሃ ሽቅብ አይወጣም። መሐንዲሶቹ ጀልባ ወደ ላይ እንዲወጣ ያደረጉት ቦዩን እንደ ደረጃ በመከፋፈል ነው። በየደረጃው ከፊትም ከኋላም በር ያለው፣ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ ክፍል አለ። ጀልባው ይገባል፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከላይኛው ቦይ ውሃ ይለቀቅበታል። ውሃው ክፍሉን ሲሞላ ጀልባውን ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም የፊቱ በር ተከፍቶ ጉዞው ይቀጥላል። ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ 74 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ተሠርተው ጀልባዎቹን 184 ሜትር ያህል ሽቅብ አወጡ። ተማሪዎች 184ን ለ74 ቢያካፍሉ የአንዱ ደረጃ ከፍታ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መሆኑን ያገኛሉ። በብዙዎቹ በሮች አጠገብ የበረኛው ቤት ነበር፤ አንዳንዶቹ ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ጀልባዎቹን የሚጐትቱት በቅሎዎች ናቸው። በቦዩ ዳር በተደለደለው መንገድ ላይ እየሄዱ ጀልባውን በረጅም ገመድ ይስቡታል። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም። በቅሎዎቹን የሚነዱት ብዙ ጊዜ የጀልባው ሹም ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት የሚገቡትም ቦዩ በብርዱ ወራት ሲዘጋ ብቻ ነበር። ብስክሌተኛው ዛሬ ያለ ድካም የሚሄድበት ሜዳማ መንገድ የእነዚያ ልጆችና የበቅሎዎቻቸው መንገድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ቦዩን የቆፈሩት ወዛደሮች፣ በተለይም ከአየርላንድ የመጡት፣ ብዙ መከራ አይተዋል። በ1832 የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ፈጀ። በ1834 በሠራተኞቹ መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ወታደር ላኩ፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት በሠራተኞች ጉዳይ ጦር ሲያዘምት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፓው ፓው በተባለው ሥፍራ ደግሞ ተራራውን ቀድዶ የሚያልፍ 950 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ በ1836 ተጀምሮ ያለቀው በ1850 ነበር። ዛሬ ብስክሌተኞች እዚህ ሲደርሱ ከብስክሌታቸው ወርደው፣ መብራት ይዘው፣ በጨለማው ውስጥ በእግራቸው ያልፋሉ።

ባቡሩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1842 ነው። ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው። ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ ገንዘቡም አልቆ ስለ ነበር ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄደም፤ ወደ ፒትስበርግ የሚያሻግረውን ተራራም አልነካውም። ይሁን እንጂ ተሸነፈ ማለት ወዲያው ሞተ ማለት አይደለም። ከምበርላንድ አካባቢ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ወደ ታች እያወረደ ሲሠራ ኖረ፤ በ1875 የተጫነው ከሰል አንድ ሚሊዮን ቶን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1889 የደረሰው ታላቅ ጐርፍ ግን አከሰረውና በተፎካካሪው በባቡር ኩባንያው ቁጥጥር ሥር ወደቀ። በ1924 ሌላ ጐርፍ ሲያፈርሰው ማንም አልጠገነውም። በ1938 መንግሥት በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመኪና ቍጥር በጣም ስለ ጨመረ የቦዩን ሥፍራ ተከትሎ የመኪና መንገድ ለመዘርጋት ዕቅድ ወጣ። በጥር 1954 ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ዕቅዱን የሚደግፍ ርእሰ አንቀጽ አወጣ። ደጋፊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙ ሕዝብ በመኪና እየሄደ የወንዙን ውበት እንዲያይ አስበው ነው። ሆኖም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። ይኸውም ጸሐፊው መንገዱን ከእርሳቸው ጋር በእግሩ እንዲሄድና ከዚያ በኋላ እንዲፈርድ የሚጋብዝ ነበር። ጋዜጣውም ግብዣውን ተቀበለ።

ጉዞው መጋቢት 20 ቀን 1954 ከከምበርላንድ ተጀምሮ በስምንተኛው ቀን ዋሽንግተን ላይ አበቃ። ብዙ ሰዎች አብረው ቢነሡም ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ 9 ብቻ ነበሩ። ወሬው ግን በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ጋዜጣውም የቀድሞ አቋሙን አሻሻለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። በ1961 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቦዩን ብሔራዊ ቅርስ አድርገው ዐወጁ፤ በ1971 ደግሞ በሕግ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሆነ። ከእግር ጉዞው እስከ ሕጉ 17 ዓመት ፈጅቷል። ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል የሚለው አነጋገራችን እዚህ ላይ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ካዩ በኋላም መታገሥ ያስፈልግ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1842 ቀድሞ የደረሰው የባቡር መስመር ዛሬም ጭነት ያመላልሳል። ነገር ግን ከከምበርላንድ ወደ ምዕራብ ሌላ ኩባንያ በኋላ የዘረጋው ሐዲድ በ1975 ሥራ አቆመ። ብረቱ ተነሥቶ ድልዳሉ ቀስ በቀስ የብስክሌት መንገድ ተደረገ፤ በ2013ም እስከ ፒትስበርግ መሐል ከተማ ድረስ ተጠናቀቀ። ስለዚህ ቦዩ ሊደርስባት ያልቻለው ከተማ ዘንድ ዛሬ ከዋሽንግተን የተነሣ ብስክሌተኛ መኪና በማይገባበት መንገድ 539 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ግማሹን ከሚበልጠው በበቅሎ መንገድ፣ ቀሪውን በባቡር ድልዳል ላይ ይሄዳል ማለት ነው።

መምህራን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የአሜሪካንን ቦይ ማድነቅ ብቻ መሆን የለበትም። በእኛም አካባቢ ሥራቸው ያበቃ መንገዶች አሉ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ በአብዛኛው ሥራ አቁሟል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በ2016 ተመርቋል። በየአውራጃው የቆዩ የነጋዴና የበቅሎ መንገዶችም አይጠፉም። ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ያለውን አንዱን መንገድ በእግራቸው ይሂዱበት፤ አረጋውያንንም ይጠይቁ፦ ማን ሠራው? ምን ተጫነበት? ለምን ቆመ? ዛሬ ለምን ሊያገለግል ይችላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ግን መንገዱን ሄደው ሳያዩ እንዳይመልሱ መምህሩ ያስጠንቅቃቸው።