ወይን በሐዋሳ መንገድ

የአገራችን ሰው መሬቱን በከፍታውና በአየሩ ጠባይ ሲከፍል በደጋና በቆላ መካከል ያለውን ወይና ደጋ ብሎታል። ወይን የሚበቅልበት ደጋ እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በወይና ደጋ የሚኖረው ገበሬ ጤፍና በቆሎ፣ ቡናና እንሰት ሲያለማ እንጂ ወይን ሲተክል እምብዛም አይታይም። ስሙ ሲኖር ተክሉ ብርቅ የሆነበት ታሪክ በተለይ እንግዳ መቀበልን ሙያቸው ላደረጉ ሰዎች ሊታወቅ የሚገባው ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ ፔሪፕሉስ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዲቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ ይጠቅሳል። «ጥቂት» የምትለዋ ቃል ልብ ትባል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በበኩሉ፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ገልጿል፤ ከወይን ዘለላ የሚሠራው መጠጥ ግን በግልጥ የሚዘጋጀው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ እንደነበረ አክሎ ጽፏል። በግብር አዳራሽም ሆነ በባላገር ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው ከማርና ከጌሾ የተጣለው ጠጅ ነበረ። «ወይን ጠጅ» የሚለው ስያሜ ራሱ ወይኑን የጠጅ ዘመድ አድርጎ ያስጠጋው ይመስላል።

ወይን በፋብሪካ ተጠምቆ በየሆቴሉ መቅረብ የጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተቋቁሞ ጉደርንና አክሱማይትን ለአገሩ ሰው አስተዋወቀ። ሐዋሳም በዚያው ትውልድ የተወለደች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በሐይቁ ዳር ተቆረቆረች፤ ውሎ አድሮም ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍባት የሆቴል ከተማ ሆነች።

በዚሁ መንገድ፣ በ163ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባቱ ወይም በቀድሞ ስሟ ዝዋይ ትገኛለች። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዚህ ስፍራ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ወይን አስተከለ። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዘሮች ከፈረንሳይ መጡ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡም በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚል ስም ያላቸው ወይኖች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የባቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ተክሉ ዞሮ ዞሮ ስሙ ወደ ተጠራበት ወደ ወይና ደጋ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሙያ ጉዳይ ይነሣል። በቦርዶም ሆነ ከዚያ በሚቀዘቅዙት የጀርመን ሸለቆዎች ክረምት ሲገባ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ገበሬው በዚያ እንቅልፍ ጊዜ ይገርዘዋል፤ ጸደይ ሲመጣ ሁሉም ቡቃያ በአንድነት ይነሣል። ፈረንጅ ክረምት የሚለው ይህን የብርድ ወራት ነው። የኢትዮጵያ ክረምት ግን የዝናብ ወራት ነው፤ ተክሉን ማስተኛት ይቅርና ያለመልመዋል፤ ርጥበቱም በቅጠሉና በዘለላው ላይ የሻጋታ በሽታ ይጋብዛል። ብርድ የማያስተኛው ወይን ዓመቱን ሙሉ እንደ ለመለመ ይቆያል፤ ከጫፉ ያለው ቡቃያ ብቻ እየቀደመ ከሥር ያሉት ይቀራሉ፤ ፍሬውም ወጥ ሆኖ አይበስልም። ስለዚህ በሞቃት አገር ወይን የሚያለማ ሰው ብርዱን በእጁ ይሠራዋል። ውኃውን ይቀንሳል፤ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በመቀስ አሳጥሮ ይገርዛል፤ ከዚያ ውኃውን መልሶ ተክሉን ይቀሰቅሳል። የግረዛውን ቀን መምረጥ የለቀማውን ቀን መምረጥ ስለሆነ፣ ዘለላው በዝናብ መካከል እንዳይበስል አስቀድሞ ይታሰባል። አውሮፓዊው ከሰማይ በነጻ የሚያገኘው ክረምት በስምጥ ሸለቆ የመቀስና የመስኖ ሥራ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ድካም ማዕድ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። በሐምሌ ምሽት ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሲቀዘቅዝ፣ ሐዋሳ ያረፈ እንግዳ የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዞ የአገር ወይን ቢጠይቅ፣ አስተናጋጁ የጠርሙሱን ዋጋ ከመናገር አልፎ ወይኑ 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ መንገድ ላይ መብቀሉን ቢነግረው ምን ይከብዳል? እንግዳው ሲመጣ በመኪናው መስኮት ያየው እርሻ ሊሆን ይችላል። ለዓሣው ሻርዶኔው ቀዝቅዞ ይቀርባል። ቀዩን ግን «በክፍሉ ሙቀት» ማቅረብ የሚባለው ደንብ ከብርድ አገር ቤቶች የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። የሐዋሳ የቀትር አዳራሽ ከዚህ በጣም ስለሚሞቅ፣ ጠርሙሱ ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቆይ ይገባዋል፤ በክረምት ምሽት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመደርደሪያው እንደ ወረደ ቢከፈት ይበቃል።