የተልባ እግር፣ ጥጥና ቃጫ፦ ከቤተ መቅደስ መጋረጃ እስከ ላንቴ ማሳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን! በሰንበት ማለዳ ነጠላችሁን መስቀልያ አጣፍታችሁ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ስትቆሙ፣ የለበሳችሁት ነጠላና በእጃችሁ የያዛችሁት ጧፍ ከምን እንደ ተሠሩ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ጧፍ ማለት ተፈትሎና ተገምዶ በሰም የተነከረ የጥጥ ክር ነው። በክርስትናችን ዕለት በአንገታችን የታሰረው ማዕተብም ክር ነው፤ ሃይማኖቱን የተወን ሰው «ማዕተቡን በጠሰ» የምንለው ስለዚህ ነው። ስናርፍም የምንገነዘው በጨርቅ ነው። ክርስቲያን በክር ታትሞ ይገባል፣ በክር ተጠቅልሎ ይሸኛል። የዚህን ክር ታሪክ ግን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ከመጽሐፍ ቅዱስ እንጀምር። በብሉይ ኪዳን የክህነት ልብስ በፍታ፣ በሌላ ስሙ የተልባ እግር ነበር። ሊቀ ካህናቱ በማስተስረያ ቀን የሚለብሰው እርሱን ነው (ዘሌ. 16፥4)። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ካህናት በውስጠኛው አደባባይ ሲያገለግሉ የበግ ጠጕር እንዳይለብሱና በሚያልብ ነገር እንዳይታጠቁ ይናገራል (ሕዝ. 44፥17-18)። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ የተልባ ጨርቅ ላብን ይመጣል፣ ገላን ያቀዘቅዛል። ጌታችን የተገነዘበትም፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በባዶው መቃብር ተቀምጦ ያዩትም ይኸው ጨርቅ ነው (ዮሐ. 20፥5-7)።

«የተልባ እግር» የሚለውን ቃል ስናነብ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ እናልፋለን። እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጾም ፍትፍት እንበላዋለን። ጨርቅ የሚሆነው ግን ፍሬው ሳይሆን አገዳው፣ ማለትም «እግሩ» ነው። ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ይደርቃል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቃጫውን ከአገዳው ጋር ያጣበቀው ሙጫ በስብሶ ሲለቅ እንደገና ደርቆ ይወቀጣል፤ እንጨቱ ረግፎ የቀረው ጭረት ተበጥሮ ይፈተላል። ረዓብ በኢያሪኮ ሰላዮቹን በሰገነቷ ላይ በተረበረበው የተልባ እግር ውስጥ የሸሸገቻቸው (ኢያ. 2፥6) አገዳው በዚያ ይደርቅ ስለ ነበር ነው። ይህን የሥራ ሂደት የማያውቅ አንባቢ «በጣራ ላይ ተልባ ምን ይሠራል?» ማለቱ አይቀርም።

በሀገራችን ተልባ ከጥንት ጀምሮ ቢዘራም የሚዘራው ለፍሬው ነው። አባቶቻችን ለልብስ የያዙት ሌላ ተክል ነበር፤ ጥጥ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ፔሪፕሉስ የሚባለው የግሪኮች የባሕር ንግድ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ የግብፅ የተልባ ጨርቅና የሕንድ የጥጥ ጨርቅ ይገባ እንደ ነበር ይዘረዝራል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ፣ በኖባ ላይ በዘመተ ጊዜ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውን እንዳጠፋ ይተርካል። ስለ ሰማይ አምላክ በሚመሰክር የመጀመሪያ ክርስቲያን ንጉሣችን ጽሑፍ ላይ የጥጥ ስም መገኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል። የኦሪቱ የተልባ እግር በእኛ ዘንድ በጥጥ ተተክቶ፣ ካህኑም ምእመኑም ነጩን ሸማ ለበሱ።

አሁን ወደ ደቡብ እንሂድ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ በዐባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚያልፈው መንገድ ላይ ላንቴ አለች። ከፊቷ ሞቃቱ ሜዳ፣ ከበስተኋላዋ የጋሞ ተራሮች ናቸው። ጥጥ ሙቀት ይወዳል፤ ሸማኔዎቹ ያሉት ግን ብርዱ በበረታበት ከፍታ፣ በጨንቻና በዶርዜ ነው። ስለዚህ የቆላው ጥጥ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በብረት ዘንግ በድንጋይ ላይ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። አመልማሎ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ያለው የሴቶች ሥራ ነው። ከዚያ ወንዱ ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ፣ በመወርወሪያው ማግ እያስገባ ይሸምነዋል። በጋሞ ምድር ከአፄ ምኒልክ ዘመን ብዙ አስቀድሞ የተተከለችው ብርብር ማርያም እንደምትመሰክረው፣ ክርስትናም በእነዚህ ተራሮች ላይ እንግዳ አልነበረም።

ደጋው ሌላም ጭረት አለው፤ እንሰት። ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ገላልጠው፣ አጋድመው በተከሉት ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ሥጋው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል፤ የሚጨመቀው ውኃ ሲረጋ ቡላ ይወጣዋል፤ በእጅ የሚቀረው ነጭ ጭረት ታጥቦ ሲደርቅ ቃጫ ነው። ቃጫ ገመድ ይሆናል፣ የቤትን ማገር ያስራል፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሠራበታል። ከአንድ ተክል ምግብም ገመድም ማግኘት! ከእኔ ይልቅ እናቶቻችን ስለዚህ ቢናገሩ በተሻለ ነበር።

ዛሬ የላንቴ ስም የሚነሣው በሙዙ ነው። ሙዝ የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግንዱም እንደ እንሰቱ ጭረት የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ አፍርቶ ይቆረጣል። በፊሊፒንስ የሙዝ ዘመድ ከሆነው ከአባካ ተክል የመርከብ ገመድ ሲሠራ ኖሯል። በእኛ ማሳ ግን የተቆረጠው ግንድ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይበሰብሳል። መሬቱን ያዳብራልና ጨርሶ ብክነት ነው አልልም፤ ሆኖም ቃጫ መፋቅ የሚያውቅ ሕዝብ በአጠገቡ እያለ መሆኑ ያሳስበኛል።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች! የከበደውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሲሰፍሩ የሠሩትን ሸማ የከተማው ሰው ለበሰ፤ ሠሪዎቹን ግን ሰደበ። በጋሞ ደጋ ሽመና ገበሬው ራሱ የሚሠራው፣ የማያሳፍር ሥራ ነበር። (እዚያም ቢሆን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው አልተከበሩም፤ እውነቱን መሸሸግ አይገባም።) ንቀቱ የጠበቃቸው ከተማ ነው። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር የሚያሳየን አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት ዐዋጅ ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን ጨምሮ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዘዙ። ንጉሥ በዐዋጅ የሚከለክለው ነገር በየመንደሩ የሚሠራ ነገር ነው።

ይህ ስድብ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር እንዴት ይስማማል? ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። አባ እንጦንስ በበረሃ ሰሌን ይታታ ነበር፤ የባሕታውያን አባት አባ ጳውሎስም ልብሱ የዘንባባ ቅጠል ነበር፤ አባ እንጦንስ ከዕረፍቱ በኋላ ያንን ልብስ ወርሶ በታላላቅ በዓላት ለብሶታል። ከሁሉ በላይ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር፤ በብዙ የብሥራት ሥዕሎቻችን ላይ ክሩን በእጇ ይዛ የምናያት ለዚህ ነው። በሥዕሉ ፊት የሚሰግድ ሰው ከበሩ ወጥቶ ፈታይዋንና ሸማኔውን ቢንቅ፣ ሥዕሉን አላየውም ማለት ነው።

ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ሥራው ግን በሌላ መንገድ እየተገፋ ነው። ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራው የፖሊስተር ክር ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል። በማሽን የተሠራ «ነጠላ»ም ገበያውን ሞልቶታል። በእጅ በሚሸመነውም ቢሆን ድሩ ከፋብሪካ የመጣ ክር ከሆነ ቆይቷል፤ በጥሩው ሸማ ላይ ግን ማጉ ዛሬም በእንዝርት የተፈተለ ነው። ነጠላችሁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱት። በርዝመቱ የሚሄደው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። በአግድም የሚያልፈው አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ካለ፣ እንዝርት ያሾረች የአንዲት እናት ጣቶች ያለፉበት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።